ብረቱ ይቀድማል ወይስ ፕሮቲኑ?

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)




በትምህርታችን አከፋፈል ብረትን የሚያስተምረን አንድ ክፍል፣ ፕሮቲንን የሚያስተምረን ደግሞ ሌላ ክፍል ነው። ጧት ስለ ብረት ኤሌክትሮኖች ደብተር ሙሉ ጽፈን እንወጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ግቢውን ተሻግረን ስለ ፕሮቲን ሰንሰለት እንሰማለን። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዳሩ ግን በዚያች አጭር መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ወድቆ ቀርቶአል። ይኸውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ፣ ከባክቴሪያ ጀምሮ እስከ ሰው ድረስ፣ ፕሮቲኑን ከብረትና ከብረት ወገኖች ጋር አጣብቆ የሚኖረው ስለምንድን ነው? የሚለው ነው።

መልስ ይሆናል ብዬ የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ብረቱ ለፕሮቲኑ የተጨመረለት ጌጥ አይደለም። ሥራውን አስቀድሞ የጀመረው ብረቱ ነው፤ ፕሮቲኑ ኋላ የመጣ ልብስ ነው። ሐሳቡ ከእኔ የመነጨ አይደለም፤ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር ነው። እኔ ግን ከአንደኛው ወገን መቆሜን አልደብቅም።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። በቋንቋችን «ብረት» የሚለው ቃል አንዱን ንጥረ ነገርም፣ ወገኑን ሁሉም ይጠራል። ስለዚህ አንዱን ስጠራ «ብረት»፣ እነመዳብን፣ እነዚንክን፣ እነኒኬልን ጨምሬ ስጠራ «ብረታ ብረት» እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ሕይወትን ማን ፈጠረ የሚለውን ጥያቄ አልነካም፤ የምናገረው በምን መሣሪያ ተሠራ ስለሚለው ብቻ ነው።

ከሌላ ክፍል ለመጣችሁ በአጭሩ ለማስታወስ ያህል፣ ፕሮቲን ማለት 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ቅርጽ ይይዛል። ራሱ ሳያልቅ የኬሚስትሪን ሥራ የሚያፋጥን ሲሆን ኤንዛይም ይባላል። ነገር ግን እነዚህ 20 አሚኖ አሲዶች አንድ ትልቅ ድክመት አለባቸው። ኤሌክትሮንን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማቀበል እምብዛም አይሆንላቸውም። ብረት ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ መልሶ ይቀበላል፣ እንደገና ይሰጣል። ስለዚህ ከሚታወቁት ፕሮቲኖች ሲሦ ያህሉ ብረታ ብረት ይዘው ይገኛሉ። ደማችን ኦክሲጂን የሚሸከመው በብረት ነው። የቅጠል አረንጓዴ ቀለም በመካከሉ ማግኒዝየም አለበት። ቫይታሚን ቢ12 ኮባልት ይዞአል። በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃ ጋር የሚያዋሕደው ኤንዛይም በአንዲት የዚንክ አቶም እየተረዳ በአንድ ሴኮንድ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርስ ሞለኪውል ያስተናግዳል፤ ዚንኳ ከወጣች ሥራው ይቆማል።

ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ ከሊቃውንት ዐይን ተሰውሮ ነበር። እንዴት እንደ ተሰወረ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

ጄምስ ሰምነር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ነበረ። በወጣትነቱ አደን ላይ በደረሰ አደጋ ግራ እጁን አጥቶአል፤ በአንድ እጅ ኬሚስትሪ አይሠራም ብሎ የመከረው መምህርም ነበረ። ምክሩን አልሰማም። በ1926 ዩሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ አውጥቶ በክሪስታል መልክ ለዓለም አሳየ። በዚያ ዘመን የጀርመኑ ዝነኛ ኬሚስት ሪሻርድ ቪልሽቴተር ኤንዛይም ፕሮቲን አይደለም ብሎ ያስተምር ነበርና፣ የሰምነርን ክሪስታል አምኖ የተቀበለ ጥቂት ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ሰምነር ረታ፤ በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ኤንዛይም ማለት ንጹሕ ፕሮቲን ነው ተብሎም በየመማሪያ መጽሐፉ ተጻፈ።

አሁን ቀጣዩን ስሙ። በ1975፣ ማለትም ክሪስታሉ ከወጣ ከ49 ዓመት በኋላ፣ በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያንኑ ዩሬዝ እንደገና መረመሩት። በውስጡ ኒኬል አገኙ። ኒኬሉ በአጋጣሚ የገባ እድፍ አልነበረም፤ የኤንዛይሙ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ ተቀምጦ የተገኘ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩት ክሪስታል ሥራውን የሚሠራው በውስጡ ባለው ኒኬል ነበር ማለት ነው። ቪልሽቴተር ፕሮቲኑ ተሸካሚ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ትንሽ ነገር ነው ይል ነበር። መሸነፉ ተገቢ ነበር፤ ዳሩ ግን በዩሬዝ ነገር ፈጽሞ ሞኝ አልነበረም እላለሁ።

እንግዲህ ወደ መነሻው እንሂድ። በዛሬው ዓለም ፕሮቲን የሚሠራው በፕሮቲኖች እርዳታ ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ሠራው? የቀጥቃጭ ቤት ያየ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። የጋለ ብረት በጉጠት ይያዛል፤ ጉጠት ግን ራሱ ከጋለ ብረት ተቀጥቅጦ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው ጉጠት ሲቀጠቀጥ በጉጠት ሊያዝ አይችልም፤ በእርጥብ እንጨት ወይም በድንጋይ ተይዞ መሆን አለበት። የመጀመሪያውም ፕሮቲን እንደዚሁ ፕሮቲን ባልሆነ ነገር መሠራት አለበት።

በ1953 ስታንሊ ሚለር የተባለ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሃሮልድ ዩሪ ተማሪ ሜቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጂንና የውሃ እንፋሎት በብርጭቆ ዕቃ ዘግቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አሳለፈበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በውሃው ውስጥ አሚኖ አሲድ አገኘ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር፤ ይህን የምናገረው ሥራ የሚሠራው ፕሮፌሰር ሲኮን ብቻ ነው ለምንል ተማሪዎች ነው። ሙከራው ታላቅ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ጐድሎታል። አንደኛ፣ የጥንቷ ምድር አየር በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጂን እንደ ነበረ ዛሬ ብዙ የምድር ሊቃውንት ይስማማሉ። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ አሚኖ አሲድ ማግኘትና አሚኖ አሲድን ማቀጣጠል ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት አሚኖ አሲዶች ሲያያዙ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። በውሃ በተሞላ ባሕር ውስጥ ይህን ማድረግ በክረምት ዝናብ ላይ እህል እንደ ማስጣት ነው፤ ውሃው መልሶ ይፈታዋል። ስለዚህ የሚያፋጥን፣ ኃይል የሚሰጥና ሞለኪውሎቹን በአንድ ቦታ የሚሰበስብ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ነገር ከየት ይምጣ? ፍንጩ ከባሕር ወለል መጣ። በ1977 አልቪን በምትባል ትንሽ የባሕር መርከብ የወረዱ ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ፣ 2,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃና በዙሪያው የሚርመሰመስ ሕይወት አዩ። በ1979 ደግሞ ከሜክሲኮ ጠረፍ ወዲያ ከ350 ዲግሪ በላይ የጋለ ውሃ ጥቁር ጢስ መስሎ ሲወጣ ተገኘ። ጥቁሩ ነገር እውነተኛ ጢስ አይደለም፤ ብረት፣ መዳብና ዚንክ ከድኝ ጋር ተዋሕደው የሚወጡት ደቃቅ ማዕድን ነው።

በ1988 ጉንተር ቬሽተርሾይዘር የተባለ የሙኒክ ሰው አንድ ድፍረት የተሞላበት ሐሳብ አሳተመ። ኬሚስትሪ የተማረ ቢሆንም መተዳደሪያው የፓተንት ጥብቅና ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው። ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን፣ የተበላሸ እንቁላል ከሚሸተው ከሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋር ሲገናኝ ፓይራይት የተባለው ቢጫ አብረቅራቂ ድንጋይ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ኤሌክትሮንና ኃይል ይለቀቃል። የድንጋዩም ገጽ ሞለኪውሎችን ስቦ ይይዛል። እንግዲህ የሚያፋጥነው፣ ኃይል የሚሰጠውና የሚሰበስበው ሦስቱም በአንድ ድንጋይ ላይ ተገኙ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ የጠበቃ ክርክር ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ከክላውዲያ ሁበር ጋር ሆኖ ሞከረው። በ1997 ብረት፣ ኒኬልና ድኝ ባለበት በ100 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከሌላ አንድ ካርቦን ካለው ውሑድ ጋር አገናኝተው ሁለት ካርቦን ያለውን አሴቲክ አሲድ ሠሩ። በ1998 ደግሞ በዚሁ ዓይነት ማዕድን ላይ አሚኖ አሲዶችን ሁለት ሁለት አድርገው አቀጣጠሉ። የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ዛሬ ያለ ኦክሲጂን የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ያንኑ ሁለት ካርቦን የማገናኘት ሥራ የሚሠሩበት ኤንዛይም በሆዱ የያዘው ኒኬል፣ ብረትና ድኝ ነው።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ራሱ ሚለር ከጄፍሪ ባዳ ጋር በ1988 እንደ ጻፈው፣ እንዲህ ያለ ሙቀት የሚሠራውን ያህል ያፈርሳል። ነቀፌታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማይክል ራስል የተባለ የምድር ሳይንስ ሊቅ ለዘብ ያለ ሙቀትና የአልካላይ ጠባይ ያለው የባሕር ምንጭ ይሻላል ብሎ ሲጽፍ ቆይቶ ነበር፤ በ2000 እንዲህ ያለው ምንጭ በአትላንቲክ ባሕር መካከል ተገኘ። ሙቀቱ ከ40 እስከ 90 ዲግሪ፣ ውሃውም ሃይድሮጂን የበዛበት ነው። በ2020 ደግሞ ማርቲና ፕራይነርና ባልደረቦቿ ሃይድሮጂንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብረትና በኒኬል ማዕድናት ላይ አድርገው ፎርሚክ፣ አሴቲክና ፓይሩቪክ አሲድን አገኙ። ኤንዛይም የለም፤ ፕሮቲን የለም፤ ድንጋይና ውሃ ብቻ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ድንጋዩ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው። ድንጋዩ በእርግጥ በእኛ ውስጥ ስለ መኖሩስ ምን ማስረጃ አለ? እዚህ ላይ ፌረዶክሲን የተባለውን ፕሮቲን እጠራለሁ። በ1962 ኦክሲጂንን ከሚሸሽ አንድ ባክቴሪያ ውስጥ ተገኘ። ሥራው ኤሌክትሮን ማቀበል ነው። ርዝመቱ 55 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ከብዙዎቹ ፕሮቲኖች ጋር ሲነጻጸር ሕፃን ነው። በውስጡም ሁለት ጥቃቅን ሳጥኖች ይዞአል፤ እያንዳንዱ ሳጥን 4 ብረትና 4 ድኝ በማዕዘኖቹ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ሳጥኑን ለተመለከተ የማዕድን ተማሪ፣ ከብረትና ከድኝ ድንጋይ የተፈለጠች ፍንካች ትመስለዋለች።

በ1966 ሪቻርድ ኤክና ማርጋሬት ዴይሆፍ የዚህን ሰንሰለት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ መረመሩ። የመጀመሪያው ግማሽና ሁለተኛው ግማሽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንዱ ግማሽ ተባዝቶ ሁለት ሆኖአል ማለት ነው። ግማሹን ራሱን ሲመረምሩት ደግሞ ቀለል ካሉ አሚኖ አሲዶች የተሠራች አጭር ቁራጭ፣ እንደ ሸማ ጥለት እየተደጋገመች ያስገኘችው መሰላቸው። ውስብስቦቹ አሚኖ አሲዶች ከዚህ ፕሮቲን ውስጥ ብዙዎቹ የሉም። ሁለቱ ሊቃውንት ይህ ፕሮቲን የዛሬው 20 ፊደል ሳይሟላ የተጻፈ ጥንታዊ ጽሑፍ ነው አሉ። በ1972 ሪቻርድ ሆልምና ባልደረቦቹ ያንን ሳጥን ያለ አንዳች ፕሮቲን በቤተ ሙከራ ሠሩት፤ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ክፍሎቹ ራሳቸው ተገጣጠሙ። ልብስ ሰፊ ሳይኖር ባለልብሱ ቀድሞ ቆሞአል ማለት ነው።

ልብሱ ግን ከንቱ አይደለም። ራቁቱን ያለ ድንጋይ ያገኘውን ሁሉ ይነካል፤ ሥራውም ዘገምተኛ ነው። ፕሮቲኑ ከውሃ ይጠብቀዋል፤ ኤሌክትሮኑን በምን ያህል ጉልበት እንዲሰጥ ይወስንለታል፤ የሚገባውንም ይመርጥለታል። የሁለቱን ጋብቻ ካየን በኋላ አንዱን ብቻ ማወደስ አያምርብንም።

ይህ ጋብቻ የተፈጸመው ብረት በተትረፈረፈበት ዘመን ነው። አየሩ ኦክሲጂን አልነበረበትም፤ ብረትም በባሕር ውስጥ ሟሙቶ ይገኝ ነበር። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ባክቴሪያዎች በፀሐይ ብርሃን ውሃን እየሰነጠቁ የለቀቁት ኦክሲጂን በአየር ውስጥ መቆየት ጀመረ። ብረቱ ዛገ፤ የዛገ ብረት በውሃ አይሟሟም። ሕይወት ከብረት ጋር ቃል ኪዳን ካሰረች በኋላ ብረቱ ከእጅዋ ወጣ። ያ ችግር ዛሬም አለ። ባክቴሪያዎች ዝገት የሚፈለቅቅ ልዩ ሞለኪውል እየሠሩ ይልካሉ። የእኛም ሰውነት በጠቅላላው 4 ግራም ያህል ብረት ብቻ ስላለው በደም ውስጥ ብረት ጠባቂ ፕሮቲን አቁሞአል፤ ጠባቂው ብረቱን ከበሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም ይሸሽጋል። በምድር ላይ በብረት እጦት ደሙ ያነሰ ሰው ብዛት ስንሰማ፣ የምንሰማው ያን የቆየ ዕዳ ጭምር ነው። መዳብ ግን በተቃራኒው ከድኝ ተላቅቆ በውሃ መሟሟት የቻለው ኦክሲጂን ከመጣ በኋላ ስለ ሆነ ዘግይቶ ገባ፤ የቀንድ አውጣና የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ የሚሆነው በመዳብ ነው።

ከገጠር ለመጣችሁ አንድ ቀላል ማሳያ ልስጥ። ባቄላ ወይም አተር ነቅላችሁ ሥሩን ብታዩ ትንንሽ እብጠቶች አሉበት። አንዱን በጥፍር ብትሰነጥቁት ውስጡ ሐምራዊ ቀይ ነው። ያ ቀለም የደማችን ዘመድ የሆነ፣ ብረት የያዘ ፕሮቲን ነው። በእብጠቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጂን ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት 7 ብረት፣ 9 ድኝና አንድ ሞሊብዲነም በተገጣጠሙበት እምብርት ነው። ይህ እምብርት ኦክሲጂን ሲነካው ይጠፋል፤ ቀዩ ፕሮቲን ነጻውን ኦክሲጂን እየያዘ ይከላከልለታል። ገበሬው ባቄላን ከስንዴ ጋር የሚያፈራርቀው በዚህ ምክንያት ነው። የኦክሲጂን አልባው ጥንታዊ ዓለም አየር በባቄላ ሥር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሌላው ወገን ምን እንደሚል ሳልናገር ብወርድ አድልዎ ይሆናል። ከ1986 ጀምሮ ዋልተር ጊልበርት «የአር ኤን ኤ ዓለም» ብሎ የጠራው ሐሳብ፣ አር ኤን ኤ መልእክት መያዝም ሥራ ማፋጠንም ስለሚችል እርሱ ይቀድማል ይላል። ጠንካራ ማስረጃ አለው። ፕሮቲን የሚሠራበት ሪቦዞም ልቡ አር ኤን ኤ እንደ ሆነ በ2000 ታይቶአል። ይሁን እንጂ አር ኤን ኤ ራሱ ያለ ማግኒዝየም ተጣጥፎ አይቆምም። በ2013 ደግሞ ኦክሲጂን በሌለበት ማግኒዝየሙ በብረት ቢተካ አንዳንድ አር ኤን ኤ ኤሌክትሮን ማቀበል እንደሚጀምር ታይቶአል። ስለዚህ ክርክሩ በእኔ ዐይን ፕሮቲን ወይስ አር ኤን ኤ የሚለው ላይ ሊቆም አይገባውም፤ ከሁለቱም ሥር ብረታ ብረት ተቀምጦአል።

ለእኔ የሚከብደው ተቃውሞ ከአገራችን የሚመጣው ነው። በአፋር፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ምድር ላይ ዳሎል አለ። ሙቀት አለው፤ ድኝ አለው፤ ብረት ሞልቶታል፤ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ቀለም በአብዛኛው ብረት በየደረጃው ሲዝግ የሚታይ ነው። ድንጋይና ሙቀት ብቻ ቢበቃ ኖሮ ዳሎል በሕይወት የተሞላ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት እጅግ አሲድና ጨው በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕያው ነገር አላገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጥቃቅን ፍጥረታት አየሁ ብሎ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ቦታ ማዕድኑ ራሱ ሕያው ሴል የሚመስል ቅርጽ እንደሚሠራ ስለ ተገለጠ የፊተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። የኩሬው ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጨውም ውሃውን አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ብረትና ድኝ በገዛ እጃቸው አይበቁም፤ ውሃው ለዘብ ያለ፣ አሲዱም የተመጠነ መሆን አለበት። በአትላንቲክ የተገኘው ምንጭ ይሻላል የምለውም በዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ያልተሻገርነው ገደል አለ። ድንጋይ ላይ ሁለት አሚኖ አሲድ ማቀጣጠል ተችሎአል፤ ሳጥኑም በራሱ ተገጣጥሞአል። ሳጥኑን የምትይዘው አጭር ሰንሰለት ግን ቅደም ተከተልዋ እንዴት ተጽፎ ለልጅ እንደ ተላለፈ በሙከራ ያሳየ የለም።

ስለዚህ ለሁለቱ ክፍሎች መምህራን አንድ ልመና አቀርባለሁ። በመጪው መንፈቅ በወር አንድ ቀን ብቻ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠን ይህን የመሰለ ነገር ብንወያይ፣ የመጀመሪያው ቀን ርእስ ፌረዶክሲን ቢሆን፣ የሚቀጥለውም ዩሬዝ ቢሆን። ወንበሩን ከየክፍሉ የምናጓጉዘው እኛ ነን። ስም መጻፍ የምትፈልጉ ወረቀቱ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።